የዘንዶ ጀልባ እሽቅድምድም እና የባሮና የጣና ታንኳዎች

የኢሉባቦር ደጋ የውሃ አገር ነው። የሶር ወንዝ ከመቱ ከተማ ብዙ ሳይርቅ በታላቅ ፏፏቴ ከገደል ይወረወርና ወርዶ ከገባ ወንዝ ጋር ይገናኛል፤ ገባም ከብርብር ጋር ሲጋጠም ባሮ የተባለው ወንዝ ይጀምራል። ይሁን እንጂ ከዳሪሙ እስከ መቱ፣ ከመቱም እስከ ጎሬ በተዘረጋው አገር የሚኖረው ሕዝብ ወንዙን ይሻገረዋል እንጂ አይጓዝበትም። ያው ውሃ ተዳፋቱን ጨርሶ ከጋምቤላ ሜዳ ሲደርስ ግን ሰፊና ዝግተኛ ሆኖ የአኙዋ ታንኳ ይንሸራሸርበታል። እንግዲህ አንዱ ወንዝ ከላይ ጀልባ የማያስፈልገው፣ ከታች ደግሞ በጀልባ የሚኖር ሕዝብ አለው ማለት ነው።

ይህ ልዩነት የሕዝቦችን ባህል ለሚመረምር ሰው ሁለት ጥያቄዎችን ያቀርብለታል። አንደኛው፣ ጀልባ የሥራ መሣሪያ የሚሆነው በምን ሁኔታ ነው የሚል ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ደግሞ የሥራ ጀልባ እንዴት የጨዋታ፣ ከዚያም የውድድር ጀልባ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው የቻይና የዘንዶ ጀልባ እሽቅድምድም ነው፤ ምክንያቱም ከመንደር በዓል ተነሥቶ ዓለም አቀፍ ስፖርት እስኪሆን ድረስ በቅርብ ዘመን ያለፈበት መንገድ ከነዓመቱ ይታወቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዘንዶው ትርጉም

በአማርኛ ዘንዶ የሚለው ቃል በሰሚው ልቡና ውስጥ ፍርሃትን ያነሣል። በአክሱም አፈ ታሪክ ከነገሥታቱ በፊት አገሩን ይገዛ የነበረው አርዌ የሕዝቡን ግብር የሚበላ እባብ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ተቀምጦ በጦር የሚወጋው ደራጎን የክፋት ምሳሌ ነው። በሁለቱም ዘንድ ዘንዶው መገደል የሚገባው ጠላት ነው።

በቻይና ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቻይናውያን ሎንግ የሚሉት ፍጡር በወንዝ፣ በባሕርና በደመና የሚኖር፣ ዝናምን የሚያዘንም፣ የንጉሠ ነገሥቱም ምልክት ሆኖ የኖረ፣ የሚለመንና የሚከበር ኃይል ነው። ስለዚህ በጀልባው ፊት የሚተከለው የዘንዶ ራስ ጠላትን ለማስፈራራት ብቻ የተሠራ ጌጥ አይደለም፤ ጀልባው ራሱ ለአንድ ቀን ዘንዶ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ከእሽቅድምድሙ በፊት የተከበረ ሰው በብሩሽ ቀለም ነክሮ የዘንዶውን ዐይኖች ብሌን ይነጥባል፤ በዚህም ሥርዐት ተኝቶ የነበረው ዘንዶ ነቃ፣ ነፍስም ዘራ ይባላል። ይህ ልማድ ዛሬም ቢሆን ውድድሩ ከቻይና ርቆ በሚካሄድባቸው ብዙ ከተሞች ይፈጸማል።

የበዓሉ መነሻ

እሽቅድምድሙ የሚደረገው ዱዋንዉ በሚባለው በዓል ነው። በዓሉ በቻይና የጨረቃ አቆጣጠር በአምስተኛው ወር በአምስተኛው ቀን ይውላል፤ ይኸውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መካከል፣ በኢሉባቦር ክረምቱ በሚጠናበት ወራት ማለት ነው። አምስተኛው ወር ሙቀት፣ እርጥበትና በሽታ የሚበዛበት ክፉ ወር ሆኖ ይቈጠር ስለነበር፣ ሕዝቡ መዓዛቸው የሚበረታ ቅጠሎችን በደጃፉ ላይ ይሰቅላል፤ በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ ዞንግዚ የሚባል የሩዝ ምግብም ይበላል።

ሕዝቡ ስለ በዓሉ የሚተርከው ታሪክ የቹ መንግሥት ባለቅኔና መኰንን ስለነበረው ስለ ቹ ዩዋን ነው። ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛውና በሦስተኛው መቶ ዓመት የኖረ ሲሆን፣ ምክሩ ተንቆ ከአገሩ ከተሰደደ በኋላ የቹ ዋና ከተማ በጠላት መያዙን ሲሰማ በዛሬው ሁናን ክፍለ አገር በሚገኘው በሚሉዎ ወንዝ ራሱን አሰጠመ ይባላል። የአካባቢው ሰዎች ሊያድኑት በጀልባ እየተሽቀዳደሙ ሮጡ፤ ዓሦች ሬሳውን እንዳይበሉትም ሩዝ ወደ ውሃው ጣሉ። የእሽቅድምድሙና የሩዙ ምግብ ምክንያት ይህ ነው ይላሉ።

ነገር ግን በሱዦው አካባቢ ያው በዓል የሚታሰብበት ዉ ዚሹ የተባለ ሌላ መኰንን ነው፤ በሌላም ስፍራ የሰጠመ አባቷን ፍለጋ ወደ ወንዝ የገባች ልጃገረድ ትታሰባለች። አንዱ ሥርዐት በየአገሩ የተለያየ ባለታሪክ ሲኖረው፣ ሥርዐቱ ከታሪኩ እንደሚቀድም መጠርጠር ይገባል። ከ1899 እስከ 1946 የኖረው ቻይናዊው ሊቅና ባለቅኔ ዌን ዪዱዎ በዓሉ የጥንት የደቡብ ሕዝቦች ራሳቸውን የዘንዶ ልጆች አድርገው ያከብሩት የነበረ ሥርዐት ነው ሲል ተከራክሯል። እንዲህ ከሆነ ቹ ዩዋን ወደ ቆየ በዓል በኋላ የገባና ለበዓሉ አገር የመውደድን ትርጉም የሰጠ ሰው ነው።

የጀልባው አሠራርና የቀዛፊዎቹ ሥራ

የዛሬው መደበኛ የውድድር ጀልባ ከራሱና ከጅራቱ በስተቀር 12.5 ሜትር ያህል ርዝመት፣ በሰፊው ቦታ 1.16 ሜትር ያህል ስፋት አለው። በ10 መቀመጫዎች ላይ ሁለት ሁለት ሆነው 20 ቀዛፊዎች ይቀመጣሉ። ከፊት፣ ፊቱን ወደ ቀዛፊዎቹ መልሶ የተቀመጠ ከበሮ መቺ አለ፤ ከኋላም ረጅም መቅዘፊያ ይዞ ጀልባውን የሚመራ አንድ ሰው ይቆማል። በጠቅላላው 22 ሰዎች ናቸው። ቀዛፊው ፊቱን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ያዞራል፤ መቅዘፊያውም ከጀልባው ጋር በምንም ነገር ሳይታሰር በሁለት እጆቹ ይያዛል። ጀርባቸውን ወደ መድረሻው ሰጥተው፣ በጀልባው ጠርዝ ላይ በተገጠመ ረጅም መቅዘፊያ ከሚቀዝፉት የኤውሮፓ ተሽቀዳዳሚዎች የሚለየው በዚህ ነው።

የድሉ ምሥጢር ከጉልበት ይልቅ በአንድነት ላይ ነው። 20 መቅዘፊያዎች በአንድ ቅጽበት ውሃ ከነኩ ጀልባው ይወረወራል፤ አንዱ ቢዘገይ ግን የዘገየው ሰው ጉልበት መጉደሉ ብቻ ሳይሆን መቅዘፊያው ለሌሎቹ እንቅፋት ይሆናል። ከፊት የተቀመጡት ሁለቱ የአቀዛፈፉን ፍጥነት ይወስናሉ፤ ከባዶቹና ብርቱዎቹ ከመካከል ይቀመጣሉ፤ ከኋላ ያሉት ደግሞ ቀድሞ በታወከ ውሃ ውስጥ መቅዘፍ ስላለባቸው ልምድ ያስፈልጋቸዋል። ከበሮው ይህን ሁሉ በአንድ ምት ያስራል።

ለኢሉባቦር አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በደቦ ወይም ኦሮሞዎች ዳዶ በሚሉት የተራ ሥራ ብዙ ሰዎች ተሰልፈው ሲቆፍሩ ወይም ሲያርሙ፣ አንዱ ዜማውን ያወጣል፣ የቀሩት ይቀበላሉ፤ መቆፈሪያውም ከዜማው ጋር ይነሣል፣ ከዜማው ጋር ይወድቃል። አውጪው ሲያፋጥን ሥራው ይፈጥናል። በዘንዶ ጀልባ ላይ ያለው ከበሮ መቺ ይህንኑ የአውጪነት ሥራ ይሠራል። ልዩነቱ የደቦው ዜማ ቀኑን ሙሉ ድካምን ለማስረሳት የሚቆይ ሲሆን፣ የጀልባው ከበሮ ግን በ500 ሜትር ርቀት ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚመታ መሆኑ ነው።

ከበዓል ወደ ውድድር

በቀድሞው ዘመን ተሽቀዳዳሚዎቹ መንደሮች፣ ጎሣዎችና የዓሣ አጥማጆች ማኅበሮች ነበሩ። የጀልባዎቹ ርዝመት በየመንደሩ ይለያያል፤ የቀዛፊዎቹም ቁጥር እንዲሁ። የመንደር ክብር የሚፈተንበት ቀን ስለነበር ጠብም አይጠፋም ነበር።

ለውጡ የመጣው በ1976 በሆንግ ኮንግ ነው። በዚያ ዓመት የከተማዪቱ የቱሪስት ማኅበር የአካባቢውን ዓሣ አጥማጆች ከጃፓን ከናጋሳኪ ከተጋበዘ ቡድን ጋር አሽቀዳደመ። ናጋሳኪ የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እርስዋም ከቻይና የተወረሰ የረዘመ የጀልባ እሽቅድምድም ልማድ አላት። ነገር ግን ከሌላ አገር የመጣ ቡድን እንዲወዳደር መጋበዝ አዲስ ጥያቄ አስከተለ፤ እንግዳው በማን ጀልባ፣ በስንት ሰው፣ በምን ያህል ርቀት ይወዳደር? መንደሮች ብቻ ሲወዳደሩ ያልነበረው ደንብ አስፈላጊ ሆነ።

በ1986 በካናዳ በቫንኩቨር በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የሆንግ ኮንግ ጀልባዎች ቀረቡ፤ ስፖርቱም በሰሜን አሜሪካ ሥር ሰደደ። የኤውሮፓ ፌዴሬሽን በ1990፣ ዓለም አቀፉ የዘንዶ ጀልባ ፌዴሬሽን ደግሞ በሰኔ ወር 1991 በሆንግ ኮንግ በ12 መሥራች አባሎች ተቋቋመ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1995 የተደረገው የሚሉዎ ወንዝ በሚገኝበት በሁናን ክፍለ አገር፣ በዩዌያንግ ከተማ ነው። ርቀቶቹ 200፣ 500፣ 1,000 እና 2,000 ሜትር ሆነው ተወሰኑ። በ2010 በጓንግዦው በተደረገው የእስያ ጨዋታዎች እሽቅድምድሙ ሜዳልያ የሚሰጥበት ስፖርት ሆነ።

በ2018 በኢንዶኔዥያ በተደረገው የእስያ ጨዋታዎች የሰሜንና የደቡብ ኮርያ ሴቶች በአንድ ጀልባ ተቀምጠው በ500 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ አገኙ፤ ይህም የተባበረ የኮርያ ቡድን በእንዲህ ያለ የብዙ ስፖርቶች ውድድር ያገኘው የመጀመሪያው ወርቅ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ብቻ አብረው የተለማመዱ ሰዎች አንድ ምት መያዛቸው የስፖርቱን ባሕርይ ከማናቸውም መግለጫ ይልቅ ያስረዳል።

ከዚህም በላይ ጨዋታው በትውልድ አገሩ ያልታሰበ አገልግሎት አግኝቷል። የጡት ነቀርሳ ታክመው የዳኑ ሴቶች በክንዳቸው ከባድ ሥራ ቢሠሩ ክንዳቸው በማይድን እብጠት ይያዛል የሚል እምነት በሐኪሞች ዘንድ ነበር። በ1996 በቫንኩቨር በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ዶናልድ ማኬንዚ 24 ሴቶችን በዘንዶ ጀልባ አስለጠነ፤ የተፈራውም እብጠት አልታየም። ዛሬ እንዲህ ያሉ ቡድኖች በብዙ አገሮች ይቀዝፋሉ። ክፉውን ወርና በሽታን ለማባረር ይከበር የነበረው በዓል በሌላ መንገድ ወደ ሕክምና ተመለሰ ማለት ይቻላል።

የባለቤትነት ክርክር

አንድ ልማድ ከመንደሩ ሲወጣ የማን ነው የሚለው ክርክር አብሮት ይወጣል። በ2005 የኮርያ የጋንግኑንግ ዳኖ በዓል በዩኔስኮ ሲመዘገብ፣ እርሱም በዚያው በአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን የሚውል ስለሆነ፣ በቻይና ብዙ ቅሬታ ተነሣ። ሁለቱ በዓሎች ቀናቸው አንድ ቢሆንም ሥርዐታቸው የተለያየ ነው። ቻይና ዱዋንዉን በ2008 የሕዝብ በዓል አደረገችው፤ በ2009ም በዩኔስኮ አስመዘገበችው።

ሁለተኛው ክርክር በስፖርት ድርጅቶች መካከል ነው። ዓለም አቀፉ የካኑ ፌዴሬሽን በእጅ በተያዘ መቅዘፊያ የሚቀዘፍ ማናቸውም ጀልባ በእርሱ ሥር መሆን ይገባዋል ሲል የራሱን የዘንዶ ጀልባ ሻምፒዮና ያካሂዳል። የዘንዶ ጀልባው ፌዴሬሽን በበኩሉ ስፖርቱ የራሱ ታሪክና ባህል ያለው ነው ይላል። ነገሩ ላይ ላዩን የሥልጣን ክርክር ይመስላል፤ በውስጡ ግን ለባህል ምርምር ዋና የሆነ ጥያቄ አለ፤ ዘንዶ ጀልባ የሚያሰኘው የአቀዛፈፉ ዘዴ ነው ወይስ ራሱ፣ ከበሮውና በዓሉ? ከበሮው ባይኖር ጀልባው አይቆምም፤ ነገር ግን የዘንዶ ጀልባ መሆኑ ይቀራል።

በዚህ ረገድ የሕንድ የኬራላ እሽቅድምድም ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በአላፑዣ ከ1952 ጀምሮ በጠቅላይ ሚኒስትር በኔሩ ስም በሚደረገው ውድድር የእባብ ጀልባ የሚባለው ከ100 የሚበልጡ ሰዎችን ይይዛል፤ ምቱንም በዜማ የሚያወጡ ሰዎች አብረው ይሳፈራሉ። በግርማው ከቻይናው አያንስም። ሆኖም ጀልባው እጅግ ረጅም፣ የየመንደሩ ንብረትና ከዚያው ውሃ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ በአገሩ ቀርቷል። የቻይናው ጀልባ ግን በ20 ቀዛፊ ተወስኖ፣ ከመርከብ ተጭኖ ቫንኩቨር ሊደርስ ቻለ። ጨዋታን ዓለም አቀፍ የሚያደርገው ከሌላው መብለጡ ሳይሆን ልኩ ተወስኖ ሊጓጓዝ መቻሉ ነው።

የባሮና የጣና ታንኳዎች

አሁን ወደ ኢትዮጵያ ውሃዎች ሲመለሱ ነገሩ ይብራራል። የእሽቅድምድም ጀልባ እንዲፈጠር አራት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ ዝግተኛና ሰፊ ውሃ፣ ብዙ ሰው የሚይዝ ጽኑ ጀልባ፣ እርስ በርስ የሚፎካከሩ ማኅበሮች፣ እነርሱንም በአንድ ቀን ወደ ውሃው የሚሰበስብ በዓል።

በመቱና በዳሪሙ ደጋ የመጀመሪያው የለም። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት ጋምቤላ 500 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ውሃው ይህን ሁሉ ከፍታ በአጭር ርቀት ስለሚወርድ በደጋው ታንኳ አይዝም። በባሮ ዝቅተኛ ክፍል ግን ውሃው አለ። በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጋምቤላም ከዚያ በኋላ ወደብ ሆነች። በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ይመጡ ነበር፤ የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ በቡሬ በኩል በጭነት ከብት ወርዶ በነሱ ይጫን ነበር። ጣቢያው በጥቅምት ወር 1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የአኙዋ ታንኳ ግን ከመርከቦቹ በፊት ነበረ፣ ከነሱም በኋላ አለ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራ፣ ጠባብና ረጅም ሲሆን ለዓሣ ማጥመድና ለመሻገር ያገለግላል። ይህ ታንኳ ጽኑ ነው፤ ነገር ግን የግንዱ ውፍረት ስፋቱን ስለሚወስነው ጥቂት ሰው እንጂ ሃያ ሰው ጥንድ ጥንድ ሆኖ አይቀመጥበትም።

በጣና ደግሞ ውሃው ሰፊ ነው፤ ታንኳው ግን ከደንገል የተሠራ ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በልጥ እየታሰረ ይጠፈራል፣ ጫፉም ወደ ላይ ይቀለበሳል። ርካሽና ቀላል ነው፤ በማገዶ፣ በእህልና በዘጌ ቡና ተጭኖ ብዙ ዘመን አገልግሏል። ይሁን እንጂ ውሃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ፣ ስም የሚወጣለት፣ ራስ የሚቀረጽለት የመንደር ጀልባ ሊሆን አይችልም። ከዚህም ሌላ የታንኳው ዋና ባለሙያዎች የሆኑት ወይጦዎች ከጎረቤቶቻቸው ዘንድ ብዙ ዘመን ሲናቁ ኖረዋል። የተናቀ ሰው እጅ ሥራ የክብር መፎካከሪያ አይሆንም፤ ይህ ምክንያት ከደንገሉ ባሕርይ አያንስም።

የዚህ ሙያ ዋጋ ግን በሩቅ ተመስክሮለታል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 አትላንቲክን ለማቋረጥ ራ የተባለውን ጀልባ ሲያሠራ ደንገሉ የመጣው ከጣና ነው። የመጀመሪያው ራ ሳይደርስ ተሰነጣጠቀ፤ ሁለተኛው ራ ግን በ1970 ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰ። ዛሬ የሞተር ጀልባዎች ታንኳውን እየተኩት ነው፤ የደንገሉም ስፍራ ጠብቧል፤ ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታወቀው የእምቦጭ አረም ደግሞ በተስፋፋበት ዳርቻ ሁሉ መሄጃውን ዘግቷል።

የመፎካከሩ መንፈስ ወዴት ሄደ?

ከአራቱ ነገሮች ሁለቱ፣ ማለትም ተፎካካሪ ማኅበሮችና ሰብሳቢ በዓል፣ በኢትዮጵያ ሞልተዋል፤ ነገር ግን የተገናኙት በውሃ ላይ ሳይሆን በሜዳ ላይ ነው። የገና ጨዋታ በልደት ቀን መንደርን ከመንደር ያጋጥማል፤ በጥንቱ ልማድ የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፣ ሜዳውም ልክ የለውም፣ በዚያም ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋሉ። ጉግስም በበዓል ቀን የፈረሰኛው ክብር የሚፈተንበት ነው። የዱዋንዉ እሽቅድምድም ወንድም የሚፈለገው በታንኳ ዘንድ ሳይሆን በነዚህ ዘንድ ነው። ጥምቀት ሕዝቡን ሁሉ ወደ ውሃ ቢያወርድም፣ ውሃው የሚባረክበትና የሚጠመቁበት እንጂ የሚሽቀዳደሙበት አይደለም።

የኢትዮጵያ የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ለገና፣ ለጉግስና ለሌሎችም ደንብ አውጥቶ ክልሎችን የሚያወዳድርበት ጊዜ መጥቷል። እንግዲህ በ1976 በሆንግ ኮንግ የተነሣው ጥያቄ እዚህም ተነሥቷል። ቁጥሩና ሜዳው ሲወሰን ጨዋታው ለእንግዳ ክፍት ይሆናል፤ ነገር ግን ጌታና ሎሌን ያስተካክል የነበረው የበዓሉ ነጻነት በደንብ ውስጥ አይጻፍም። ቻይናውያን ለዚህ ያገኙት መፍትሔ መመልከት የሚገባው ነው። ጀልባውን በልክ ወሰኑት፤ ራሱን፣ ከበሮውንና ዐይን የመንጠቡን ሥርዐት ግን ከጀልባው አልለዩም። በዚህም የተነሣ የቹ ዩዋንን ስም ሰምቶ የማያውቅ ቀዛፊ እንኳ የተሳፈረበት ጀልባ የሰው በዓል መሆኑን ያውቃል።

ለኢትዮጵያ ተመራማሪ ከዚህ የሚከተለው ሥራ ግልጽ ነው። ደንብ ከመጻፉ በፊት ጨዋታው በየመንደሩ እንዴት እንደሚደረግ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም፣ ማን ዜማ እንደሚያወጣ መመዝገብ አለበት፤ ከተጻፈ በኋላ ልዩነቱ ይጠፋልና። የደንገሉም ታንኳ እንዲሁ ነው። አሠራሩን የሚያውቁት እጆች ሳሉ ካልተመዘገበ፣ በሙዚየም የሚቀመጠው ታንኳ ቅርጹን ያሳያል እንጂ እንዴት እንደሚጠፈር አያስተምርም።